የተኛው ሽቦ

ግንድ ጠላቴ ሆኖ ያውቃል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሰው አይደለም፣ አውሬ አይደለም፣ የባሕር ዛፍ ግንድ! በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ፣ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ለበዓሉ ባንዲራ መስቀያ ተብሎ ረጃጅም ባሕር ዛፍ በብረት ቀለበት ተቀጣጠለና ደብረ ታቦር እኛ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ተተከለ። ጫፉን አያለሁ ያለ ሰው ባርኔጣው ይወድቅበታል። በዓሉ አለፈ፣ ባንዲራውንም ዝናብና ፀሐይ በላው፣ ግንዱ ግን ቆሞ ቀረ። ኃላፊያችን ጓድ ደሞዜ እንደ ልጃቸው ይሳሱለት ነበር። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው፤ ከጎንደር ወዲህ አቻ የለውም ይላሉ። እኔም ያኔ ምን ገዶኝ፣ ግንድ ግንድ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

መሥሪያ ቤታችን የእርዳታ እህል የሚያከፋፍል ነበር። ያ ዓመት ምን ዓይነት ዓመት እንደ ነበር የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅም አይወቀው። ስንዴው ከአሰብ ወደብ ተጭኖ እኛ ጋ ይደርሳል፣ ከእኛ ደግሞ ወደየገጠሩ ይወጣል። ስልክ የሌለበት አገር ስለ በዛ ሬዲዮ ግድ ሆነ። ሬዲዮውን ያመጣው ደግሞ የእኔው ባል ነው።

ባሌ ይርጋ በንጉሡ ጊዜ አሥመራ ሲኖር አማተር ከሚባሉት ሰዎች አንዱ ነበር። አማተር ማለት ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ራሳቸው በገጣጠሙት ሬዲዮ ባሕር ማዶ ካለ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚያወሩ ናቸው። ከተጋባን በኋላ፣ ለመሆኑ ምን ትባባላላችሁ ብዬ ጠየቅሁት። «ትሰማኛለህ ይላል፣ እሰማሃለሁ እለዋለሁ» አለኝ። በቃ? ብለው፣ በቃ አለ። ኧረ የወንድ ልጅ ነገር ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁበት። አብዮቱ ሲመጣ ይህ ጨዋታ ተከለከለና ሬዲዮዎቹ በሳጥን ሆነው አልጋችን ሥር ገቡ። ድርቁ ሲጸና ጊዜ ያው የከለከለው መንግሥት፣ አውጣቸው እንጂ ምን ትጠብቃለህ አለው።

ሁለት ናቸው። ሁለቱም አማተሮች በሚወዱት በዝቅተኛው ሞገድ የሚሠሩ ናቸው። ይህ ሞገድ ጠባዩ ልዩ ነው፤ ቀን ቀን ፀሐይ ትውጠዋለች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው አፉን የሚፈታው። አንዱ ሬዲዮ እኛ ግቢ ሊቀር፣ አንዱ ይርጋን ተከትሎ ከእኛ ብዙም ሳትርቅ ከጉና ተራራ ሥር ወዳለችው ገሳይ ሊሄድ ተወሰነ። እኔ ቀድሞ ስልክ ቤት ሠርቻለሁ፣ ምላሴም ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ የደብረ ታቦሩን ያዥ ተባልኩ።

ታዲያ ሬዲዮ ያለ አንቴና ምንም ነው፤ አንቴና የሚሉትም ረጅም ሽቦ ነው። ሽቦው የት ይሁን ሲባል ጓድ ደሞዜ ወደ ግንዳቸው ጠቆሙ። ከጫፉ ተንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ገሳይም እንዲሁ ረጅም ግንድ ተፈልጎ ይቁም አሉ። ይህን ማን ይቃወማል? አገራችን የተራራ አገር ነው። ላሙ የጠፋበትም፣ ለቅሶ የደረሰበትም ተረተር ላይ ወጥቶ ነው የሚጣራው። ከፍ ያለ ይሰማል፣ ቅርብ ያለውም ቀድሞ ይሰማዋል። ይርጋም ቢሆን ደስ ነው ያለው። የአማተር ምኞቱ ሩቅ መድረስ ነው፤ ባሌ በዕድሜው ጎረቤቱን ለማናገር ብሎ ሬዲዮ ከፍቶ አያውቅም። ለሩቅ ደግሞ እንደ ቆመ ሽቦ የለም አለ። ግቢያችን ውስጥ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሞከርነው፣ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ አጨበጨብን።

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። ጓድ ደሞዜ የገሳይ ልጅ ናቸው። እናታቸው እሜት እቴነሽ እዚያው በአባወራቸው መሬት ላይ ይኖራሉ፤ ደብረ ታቦር ይምጡ ቢባሉ፣ ከተማ ቀሚስ ያሳጥራል ብለው እምቢ ያሉ ሴት ናቸው። ይርጋ እህሉንና ሬዲዮውን ጭኖ ሲነሣ ጓድ ደሞዜ መኪናው ድረስ መጡና እጁን ይዘው፣ «እናቴን አደራ» አሉት። በኋላ የመጣው መዘዝ ሁሉ ከዚህ አደራ ነው።

መኪኖቹ እህሉን አራግፈው ተመለሱ፤ ይርጋ እያከፋፈለ እዚያው እንዲቆይ ነበር ትእዛዙ። ብዙም ሳይቆይ የታጠቁት ሰዎች በደብረ ታቦርና በገሳይ መካከል ያለውን መንገድ ያዙት። መኪና ቆመ። በእግር ልሂድ ያለም ከዚህ ወገን ሰላይ፣ ከዚያም ወገን ሰላይ እየተባለ የሚታሰርበት ጊዜ ነው። የቀረን ሬዲዮው ብቻ ሆነ። እኔም ፀሐይ በጣራ ገዳም በኩል ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሬዲዮዬን ከፍቼ «ገሳይ፣ ገሳይ፣ እዚህ ደብረ ታቦር ነው» እላለሁ። ወፍ የለም። በማግሥቱም ያው፤ በሳምንቱም ያው። የሚገርመው የአሰብ ወደብን ሬዲዮ ስጠራ፣ ያ ሁሉ አገርና በረሃ ወዲያ ያለው ሰው አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ይመልስልኛል።

ወሩ ሲገባደድ ሐሜቱ ተጀመረ። ይርጋ እህሉን ለታጠቁት ሸጦ ሱዳን ገባ ተባለ። ድሮስ ከፈረንጅ ጋር ሲያወራ የኖረ ሰው አይደል ወይ ተባለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው! ከሁሉ የከፉት ግን ጓድ ደሞዜ ነበሩ። አሁን ሳስበው ይገባኛል፤ እሳቸው የሚያዩት እናታቸው ባዶ ጎተራ ፊት ተቀምጠው ነው። ያኔ ግን ምን ይግባኝ፤ ቢሮ ጠርተው ውሳኔያቸውን ነገሩኝ። ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ግቢው ውስጥ ስብሰባ ይደረጋል፤ እኔ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆሜ፣ ባሌ ይርጋ ከሃዲ ነው ብዬ በራሴ አፍ እናገራለሁ። ሚስቱ የመሰከረችበትን ሰው ማን ይከራከርለታል? መንገዱ ሲከፈት የሚጠብቀው ጥይት መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። አልናገርም ካልኩ ደግሞ ተባባሪ ነሽ ተብዬ እኔም አብሬ እገባለሁ። እንባዬን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ፤ እሳቸው ፊት ማልቀስ አልፈለግሁም።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ የአሰቡ ሰው ጌጡ ከዕረፍቱ ተመለሰ፤ እስከዚያ ይመልስልኝ የነበረው ተተኪው ይርጋን አያውቀውም፣ የእኔን መልእክት ተቀብሎ ወዲያው ይዘጋ ነበር። ጌጡና ይርጋ የድሮ አማተሮች ናቸው፤ በድምፅ ብቻ ተዋውቀው፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ስንት ዓመት ተወዳጅተዋል። የእህሉን ወሬ ከጨረስን በኋላ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«ጥሩወርቅ፣ ከባልሽ ጋር ተጣላችሁ እንዴ? ዛሬ ሬዲዮ ከከፈትኩ ጀምሮ ሲጠራሽ እሰማዋለሁ፣ አንቺ ዝም ትዪዋለሽ።»

የት ሆኖ ነው የሚጠራኝ ብዬ ጮኽሁ። ገሳይ ነኝ ነው የሚለው፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው አለኝ። ስማኝ፣ አሁን ጥራው አልኩት። ጌጡ ጠራው። ከዚያ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ «ገሳይ፣ እሰማሃለሁ፣ ሚስትህ እዚህ አለች» ሲል ሰማሁት። መልሶ ዝም አለ። ቆይቶ ሳቀ፤ ማን እንዳሳቀው አልሰማሁም። በጌጡ ቃልና ቃል መካከል ያለው ጸጥታ፣ እሱ ነበር ባሌ። ጆሮዬን ሬዲዮው ላይ ለጥፌ ያንን ጸጥታ አዳመጥኩ። በሕይወት አለ! ቦታው ላይ አለ!

ነጠላዬ እየተጎተተ ጓድ ደሞዜ ቢሮ ገባሁ። በማግሥቱ አመሻሽ መጥተው አብረውኝ አዳመጡ። ጌጡ ይናገራል፣ ዝም ይላል፣ ይናገራል። ጓድ ደሞዜ ፈገግ እንኳ አላሉ። ምስክርሽ ዝምታ ነው ወይ አሉኝ። ከዚያም ጣታቸውን ወደ ጉና ቀስረው፣ ሰው ተረተር ላይ ሆኖ ቢጮህ የሚሰማው ከሥሩ ያለው ነው ወይስ አሰብ ያለው? አሰብ ተሰምቶ እዚህ ያልተሰማ ሰው አሰብ አጠገብ ነው ያለው፤ ባሕሩን ሊሻገር ነው፣ ወይም ተሻግሯል አሉ። አብረዋቸው የነበሩት የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይባስ ብሎ እኔም ሳላስበው ነቀነቅሁ። ነገሩ እውነት ይመስላላ! ያን ዕለት አመሻሹን ቤቴ ተቀምጬ፣ ይርጋ እውነት ትቶኝ ሄዶ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰብኩበትን ራሴን በግድግዳ ባላትመው ምን አለ።

ሐሙስ ዕለት የጥር ነፋስ ተነሣ። እኔ እንደ ልማዴ እየጠራሁ ሳለ የሽቦው ማሰሪያ ከግንዱ ጫፍ ተበጠሰና ሽቦው እየተጥመዘመዘ ወርዶ አጥሩ ላይ አግድም ተጋደመ። የግቢው ጥበቃ ካሳው ይዤዋለሁ እያለ ሮጠ። እኔ ሬዲዮውን ልዘጋ እጄን ስሰድ፣ ከጩኸቱ ሥር የሆነ ነገር ተነፈሰ። ቀጭን፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል፣ ግን የማውቀው ድምፅ፦ «...ታቦር... ታቦር... ገሳይ ነው...»። የገዛ ባሌን ድምፅ ልስተው ነው? ካሳው፣ አትንካው፣ በእናትህ አትንካው ብዬ ጮኽሁ። ካሳው ግን ኃላፊውን እንጂ እኔን አይፈራም፤ ጓድ ደሞዜ በመስኮት ብቅ ብለው ቶሎ ስቀለው አሉት፣ ሰቀለው። ሽቦው ወደ ላይ በወጣ መጠን ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደና ጠፋ። ምን እንደ ሆነ አላወቅሁም። ሽቦው ሲወድቅ ባሌ መጣ፣ ሲነሣ ባሌ ሄደ፤ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ለእኔ ግን በቂ ነበር።

ለጓድ ደሞዜ ብነግራቸው ምን እንደሚሉ ስለማውቅ አልነገርኳቸውም። ከተናገሩ አይፈሩ፣ ከፈሩ አይናገሩ ይባላል፤ እኔ ንግግሬን ለቅዳሜ አቆየሁት። ዓርብ አመሻሽ ጌጡን ጠርቼ ለይርጋ ሁለት መልእክት አድርስልኝ አልኩት። አንደኛው፣ ነገ ሽቦህን ከግንዱ አውርደህ በሰው ቁመት አግድም አስተኛው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እዚህ ከሃዲ ተብለህ የምትታማውን ሁሉ ለእሜት እቴነሽ ነግረህ ነገ አጠገብህ አስቀምጣቸው የሚል። ጌጡ ሽቦ ማስተኛት ምን የሚሉት እብደት ነው ብሎ ተከራከረኝ፤ እሱም አማተር ነዋ፣ ሩቅ እንጂ ቅርብ አያውቅም። ቢሆንም አደረሰልኝ። ዝምታውን ጠበቅሁ። ከዚያ ጌጡ፣ ይርጋ እሺ ብሏል፣ «ድሮም ሚስቴ ስትለኝ እንጂ መች በራሴ አውቄ» ብሏል አለኝ። ያን ጊዜ ያ የሚያወራው ሰው የእኔው ይርጋ መሆኑን ያለ ጥርጥር አመንኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ፣ አህያውንም ጨዉንም ይዞ፣ ግቢውን ሞላው። ጓድ ደሞዜ ኮፍያቸውን አጥብቀው ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል። ሬዲዮዬን በረንዳው ላይ አወጣሁና ድምፁ በስብሰባው ድምፅ ማጉያ እንዲወጣ አገናኘሁት። መጀመሪያ አሰብን ጠራሁ። ጌጡ መለሰ፤ የመለሰው ግን ክፉ ወሬ ነበር።

«ይርጋ ዛሬ የለም። ብጠራው ብጠራው ጠፍቶብኛል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ጓድ ደሞዜም፣ ይኸው፣ ይርጋ ባሕሩን ተሻገረ ማለት ነው አሉ። እኔም ቆሌዬ ተገፈፈ። ሽቦውን አስተኝቶት ከሆነ ከአሰብ የጠፋው ለዚያ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ካልሆነስ? ካልሆነማ በገዛ እጄ ያለኝን አንዲት ምስክር አጥፍቻለሁ ማለት ነው። ድምፅ ማጉያው ፊት ቆምኩና፣ እናገራለሁ፣ ግን መጀመሪያ ሽቦው ይውረድልኝ አልኩ። የኮሚቴው ሰዎች የአብዮቱን ዓርማ ልታወርጂ ነው ወይ እያሉ ተነሡብኝ። እኔ ከእነሱ ጋር ምን አለኝ። ወደ ጓድ ደሞዜ ተጠጋሁና ቀስ ብዬ እንዲህ አልኳቸው፦

«ይርጋ ካልተሰማ ያዘዙኝን ቃል ሳላጎድል እናገራለሁ። ከተሰማ ግን እናትዎ መኖራቸውን ያውቃሉ። ከዚህ ምን ያጣሉ?»

ወደ ግንዱ ጫፍ ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ለካሳው በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

ሽቦው ወረደ። ካሳውና እኔ በጎመን መደቡ ዳር ባላ እየተከልን በሰው ቁመት ዘረጋነው። ሕዝቡ ሳቀብኝ። አንዷ፣ ልብስ ልታሰጪ ነው ወይ አለችኝ። አንቺ ታጥበሽ ካወቅሽ ያንቺን አሰጣልሻለሁ አልኳት፤ እንዲያም ተጨንቄ መልስ አልነሣኝም። ፀሐይዋ ጣራ ገዳም በኩል ልትገባ ነው፣ ጉና ቀልቷል። ተቀመጥኩና ጠራሁ። «ገሳይ፣ ገሳይ፣ እዚህ ደብረ ታቦር ነው፣ ትሰማኛለህ?» ድምፅ ማጉያው እሽ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ደግሜ ጠራሁ። ምንም። ጓድ ደሞዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከኮሚቴው አንዱ ሰዓቱን እያየ ወደ እኔ ሲራመድ አየሁት። ሦስተኛ ልጠራ አፌን ስከፍት፣ ድምፅ ማጉያው ቀደመኝ፦

«ደብረ ታቦር፣ ደብረ ታቦር! እዚህ ገሳይ ነው! እሰማሻለሁ!»

ግቢው በሙሉ ከመሬት የተነሣ መሰለኝ። ያች ልብስ ያለችኝ ሴት ናት መጀመሪያ እልል ያለችው። ጓድ ደሞዜ ግን ቆሙና እጃቸውን አነሡ። ድምፁ የእሱ ነው፣ ግን ከሱዳን ላለመሆኑ ማን ያውቃል አሉ። መልስ ልሰጣቸው ስል ማጉያው ውስጥ ኳኳታ ተሰማ፣ ሰው ተንሾካሾከ፣ «በዚህች ልናገር? ይህችን ይዤ?» የሚል የአሮጊት ሴት ድምፅ መጣ። ከዚያማ ማን ይቻላቸው!

«ደሞዜ! አንተ ደሞዜ! እዚያ ነህ አሉኝ። ይርጋን ከሃዲ ነው ብለሃል አሉ። ይህ ሰው እህሉን ለየቤቱ አድርሶ፣ ሽቦ ታቅፎ ሲጮህ ነው የሰነበተው። ለእኔ ሊያስቀድም ቢል ተራዬን እጠብቃለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄን እንዳላሳፍር ብዬ። እሱን ሱዳን ሄደ ካልክ እኔንም ሱዳን ወሰደኝ በላ!»

ጓድ ደሞዜ ያነሡትን እጃቸውን አወረዱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ልክ በዚያች ሰዓት ነፋሱ የመሀሉን ባላ ጣለውና ሽቦው ሣሩ ላይ ተኛ፤ የእሜት እቴነሽም ድምፅ ሰመጠ። ከእኔም ከካሳውም ቀድመው የሮጡት ማን ይመስላችኋል? ራሳቸው ኃላፊው። እንጨቱን ብቻ ይያዙ፣ ሽቦውን እንዳይነኩ ብዬ ጮኽሁ። ባላውን አንሥተው፣ ሽቦውን በባላው ተሸክመው፣ ጎመኑ መሀል እንደ ቋሚ ቆሙ። ድምፁ ተመለሰ። እሜት እቴነሽ ለካ ስድባቸውን አላቋረጡም ነበር። ጓድ ደሞዜ ባላውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ የእናታቸውን ስድብ በሙሉ ቆመው ሰሙ። ስድብ እንዲህ ሰው ሲያስደስት አይቼ አላውቅም።

እሜት እቴነሽ ሲደክማቸው፣ እየሰማኝ ነው ወይ አሉ። እየሰሙዎት ነው፣ ቆመው ነው የሚሰሙዎት አልኳቸው። ካሳው ባላውን ተቀበላቸውና ጓድ ደሞዜ መጥተው መናገሪያውን ያዙ። እምዬ፣ ደህና ነዎት ወይ አሉ። እኔ ደህና ነኝ፣ የታመምከው አንተ ነህ፣ በል አሁን እዚያ ያለው ሰው እየሰማ ቃልህን መልስ፣ እኔም ልስማ አሏቸው። ጓድ ደሞዜም ወደ ሕዝቡ ዞረው እንዲህ አሉ፦

«ይርጋ ቦታው ላይ ነው። አደራዬን ጠብቋል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

እልልታው ቆይቶም አልበረደም። አህያው ሳይቀር ጮኸ። የኮሚቴው ሰዎች፣ እኛስ ድሮም ጠርጥረን መች ነበር ማለት ጀመሩ፤ የሰው ነገር እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለአሰብ ሽቦውን እናቆመው፣ ለገሳይ እናስተኛው ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ቀጣዩ ስንዴ ገሳይ የገባው ይርጋ በየአመሻሹ ችግሩን እየነገረን፣ ጓድ ደሞዜ ደግሞ በየማለዳው የበላይ አካልን እየወተወቱ ነው። ይርጋ ሲመለስ ነገሩን አስረዳኝ። የቆመ ሽቦ ድምፅን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረውረዋል፣ ሥሩ ያለውን ዘሎ ሩቅ ነው የሚጥለው፤ በዝቅታ የተኛው ግን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ይልከዋል፣ ሰማይም መልሶ እዚያው ተራራው ወዲህና ወዲያ ላይ ያወርደዋል አለኝ። ይህን እያወቅህ ነው ያቆምከው ወይ አልኩት። ሳቀና፣ ማን ለቅርብ ሰው አስቦ ያውቃል አለ። የሬዲዮው ሥራ ሲያበቃ ግንዱን ጓድ ደሞዜ ራሳቸው አስቆረጡት፤ ገሳይ ተጭኖ ሄዶ የእሜት እቴነሽ ቤት ምሰሶ ሆኗል።

ያን ቅዳሜ ግን ገና አልጨረስኩላችሁም። ጓድ ደሞዜ ቃላቸውን ከመለሱ በኋላ እሜት እቴነሽ፣ በቃኝ፣ አሁን ሚስቱን አቅርቡለት አሉ። መናገሪያውን ተቀበልኩ። ፀሐይ ገብታ የጉና ራስ ላይ ብቻ ትንሽ ብርሃን ቀርቷል። አንድ ወር ሙሉ የምነግረውን ሳጠራቅም ነበር፣ አንዱም ትዝ አላለኝም። ይርጋ ቀደመኝ።

«ጥሩዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ» አልኩት።

በቃ።